ዕድሜ ሲገፋ ቴስቶስትሮንን ያለ ዱቄትና ያለ መርፌ እንዴት መደገፍ ይቻላል? ለጎንደር ወንዶች የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ታላላቆቼ ይቅር በሉኝ፤ ጉዳዩ የወንዶች ጨዋታ ስለሆነ «አንተ» እያልኩ ልጽፈው ነው።

ቴስቶስትሮን ጡንቻን የሚገነባ፣ ጢምን የሚያበቅል፣ የወሲብ ፍላጎትን የሚያነቃቃ፣ አጥንትንና ደምን የሚደግፍ ሆርሞን ነው። አብዛኛው የሚመረተው ቆለጥ ውስጥ ነው። ትእዛዙ የሚመጣው ግን አንጎል ሥር ካለች ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ እጢ ነው። ከ30ዎቹ ወይም ከ40 ዓመት በኋላ መጠኑ በዓመት 1 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ በሽታ አይደለም፤ እንደ ሽበት ያለ ነገር ነው።

ብዙ ሰው ግን 50 ሞልቶት ኃይሉ ሲቀንስ ሁሉንም ነገር ዕድሜው ላይ ይጥላል። ቀርበህ ስታየው ጥፋተኛው ቦርጩ፣ እንቅልፉ፣ ያልታወቀ ስኳሩ ወይም የሚውጠው መድኃኒት ሆኖ ይገኛል። ዕድሜን ማንም አይመልሰውም። እነዚህን ግን መነካካት ይቻላል። ስለዚህ ከታች ያለውን በተራ በተራ ሂድበት። ሰው ብሩን የሚበላው ከደረጃ 8፣ ከቅጠሉና ከዱቄቱ ስለሚጀምር ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ምልክቱን ለይ

«ደከመኝ» ብቻውን ምንም አይነግርህም። ድካም ከደም ማነስ ይመጣል፣ ከታይሮይድ ይመጣል፣ ከስኳር ይመጣል፣ ከጭንቀት ይመጣል፤ ዘንድሮ ደግሞ ከኑሮ ውድነትም ይመጣል።

ወደ ቴስቶስትሮን ጠጋ የሚሉት ምልክቶች ሦስት ናቸው። የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነቃ ብልት አለመቆም፣ በግንኙነት ጊዜም መቆም አለመቻል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ከ40 እስከ 79 ዓመት የሆናቸውን ከ3,000 በላይ አውሮፓውያን ወንዶች አይቶ፣ ከቴስቶስትሮን ማነስ ጋር በግልጽ የተያያዙት እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ብሏል። የጡት ማበጥ፣ የሰውነት ፀጉር መሳሳት፣ በትንሽ መውደቅ አጥንት መሰበርም ይጨመሩበት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አስምርበት። ፍላጎቱ እያለ መቆሙ ብቻ እምቢ ካለህ ነገሩ ከሆርሞን ይልቅ የደም ሥር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይቀጥናሉ፤ ስለዚህ ችግሩ ልብ ላይ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት እዚያ ሊታይ ይችላል። ስንፈተ ወሲብ ያጋጠመው ሰው ጓደኛውን ሹክ ብሎ እንክብል ከመፈለጉ በፊት ደም ግፊቱንና ስኳሩን ቢለካ ሕይወቱንም ሊያተርፍ ይችላል።

ከምልክቶቹ ጋር የማይለቅ ራስ ምታትና የዕይታ መጥበብ ካለ፣ ወይም በጎልማሳነትህ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ቆለጥህ አብጦ ከነበረ፣ ይህን መመሪያ እዚህ ላይ አቁመህ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ደረጃ 2፦ ተለካ፤ ግን በትክክል ተለካ

ይህ ደረጃ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ምክንያቱም በተበላሸ መለኪያ ተነስቶ ሕክምና የሚጀምር ሰው ብዙ ነው።

ቴስቶስትሮን ከፍ የሚለው ጠዋት ነው። ደም መስጠት ያለብህ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሳትበላ ነው። ቁርስ ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ከሰዓት በኋላ የተለካ ቁጥር ደግሞ በተለይ ለወጣትና ለጎልማሳ ያሳስታል።

ታመህ አትለካ። ወባ፣ ታይፎይድ፣ ከባድ ጉንፋን፣ ማንኛውም ትኩሳት ያለው ሕመም ቁጥሩን ለጊዜው ያወርደዋል። ድነህ ሳምንታት ይለፉ።

እንቅልፍ አጥተህም አትለካ። ማኅሌት ቆመህ ያደርክ ከሆነ፣ ወይም ሌሊቱን ስትጠብቅ ወይም ስትነዳ ካደርክ፣ በማግሥቱ ጠዋት ላቦራቶሪ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው። ጥቂት ሌሊት በደንብ ተኝተህ ሂድ።

አንዴ ዝቅ ብሎ ከተገኘ በሌላ ቀን ጠዋት ይደገም። አንድ ቁጥር ብቻውን ማንንም አይፈርድበትም፤ መጠኑ ከቀን ቀን ይለዋወጣል።

አሁን ወረቀቱን እናንብብ። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር እንደ ዝቅተኛ ወለል የሚጠቀመው 300 ናኖግራም በዴሲሊትር ነው። ነገር ግን አንዳንድ ላቦራቶሪ በሚሊሊትር ይጽፈዋል፤ ያኔ 300 የሚለው 3 ይሆናል። ሌላው በናኖሞል በሊትር ይጽፈውና 10.4 አካባቢ ይሆናል። «የኔ 4 ነው፣ የጓደኛዬ 450 ነው» ብሎ የደነገጠ ሰው ሁለቱም ደህና መሆናቸውን ሳያውቅ ሌሊቱን ሳይተኛ ሊያድር ይችላል። መጀመሪያ መለኪያውን አንብብ፣ ከዚያ ቁጥሩን።

በዚያው ደም ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ሄሞግሎቢንና ጉበት እንዲታይልህ ጠይቅ። ቴስቶስትሮኑ ሁለቴ ዝቅ ካለ ደግሞ ሐኪሙ የፒቱታሪ ሆርሞኖችንና ፕሮላክቲንን ይጨምራል። ችግሩ ከቆለጥ ነው ወይስ ከላይ ትእዛዝ ከምትሰጠው እጢ ነው የሚለው የሚለየው በዚህ ነው። ላቦራቶሪው ምርመራውን እዚሁ ጎንደር ይሠራው ወይስ ወደ ሌላ ከተማ ይልከው እንደሆነም አስቀድመህ ጠይቅ፤ ዋጋውም የሚቆይበት ጊዜም ይለያያል።

ደረጃ 3፦ እንቅልፍ

እ.ኤ.አ. በ2011 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 ጤነኛ ወጣቶችን ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አደረጓቸው። የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። ዕድሜ በዓመት 1 በመቶ ነው የሚወስደው ብለን የለ? አስበው እንግዲህ፤ አንድ ሳምንት የእንቅልፍ እጦት የዐሥር ዓመትን ያህል ይወስዳል ማለት ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው።

የምትፈልገው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። ከቡናው ጀምር። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የ11 ሰዓቱ ቡና፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለህ ከጨረስከው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልጋ ላይ ስትሆን ግማሹ ገና ደምህ ውስጥ ነው። ቡና ተው አልልህም፤ ጎንደር ላይ ሆኜ እንደዚያ ብል ማን ይሰማኛል? የመጨረሻውን ስኒ ከ8 ሰዓት ወይም ከ9 ሰዓት በፊት አድርገው ነው የምልህ። ማታ ስትጠራ ከጨዋታው ጋር ቁጭ በል፣ ቁርሱን ቅመስ፣ ስኒውን እለፈው።

የሌሊት ጸሎት የሚቆም ሰው በዚያ ምሽት ቀደም ብሎ ይተኛ፤ በማግሥቱም ከምሳ በኋላ ጋደም ይበል። ችግር የሚሆነው አልፎ አልፎ የሚመጣ ሌሊት አይደለም። በየቀኑ ስልክ ይዞ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት መቆየት ነው።

ማንኮራፋትን አትናቅ። አንኮራፍተህ፣ ትንፋሽህ ቆም ብሎ፣ ከዚያ አየር አጥሮህ ባንነህ የምትነሳ ከሆነ፣ ይህ ሕክምና የሚፈልግ የእንቅልፍ ችግር ነው። አንተ አታውቀውም፤ ባለቤትህን ጠይቃት።

ደረጃ 4፦ ቦርጩ

የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ ይህ ኢንዛይም ቴስቶስትሮንህን የሴት ሆርሞን ወደሚባለው ኢስትሮጅን ይቀይረዋል። በዚያ ላይ ውፍረትና ስኳር ተጋግዘው ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ ያዳክሙታል። ሆርሞኑ ሲቀንስ ደግሞ ስብ ለመጨመር ይመቻል። እንዲህ እየተመጋገቡ ይሄዳሉ። ዓይነት ሁለት ስኳር ካለባቸው ወንዶች ሢሶ የሚሆኑት ዝቅተኛ ቴስቶስትሮን የሚገኝባቸውም ለዚህ ነው።

የልብስ ሰፊ ሜትር አምጣ። ትንፋሽህን ሳትስብ በእምብርትህ ዙሪያ ለካ። ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ ካለፈ ሥራ አለብህ። ቁመትህ 170 ሴንቲሜትር ከሆነ ገደቡ 85 ነው።

መቅጠን የለብህም፤ ከክብደትህ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ በቂ ጅምር ነው። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። ለውፍረታም ሰው ከሁሉም ቅጠልና ዱቄት በላይ ቴስቶስትሮንን የሚያነሳው ይህ ነው፤ ብዙ ስትቀንስ ብዙ ይነሳል።

እንዴት? ለስላሳ መጠጡንና ሻዩ ውስጥ የምትጨምረውን ስኳር መጀመሪያ ቁረጥ። ከዚያ እንጀራውን ተው ሳይሆን ወጡን አብዛ፣ እንጀራውን ቀንስ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ መብላት ይቅር። ከአዘዞ ፒያሳ በእግርህ ና አልልህም፤ ግን ከፒያሳ አራዳ ለመሄድ ባጃጅ ምን ይሠራልሃል? ከተማችን አቀበት አታጣም። ወደ ጎሃ ወይም ወደ ቁስቋም በሳምንት ጥቂት ቀን ላብ እስኪያወጣህ መውጣት ክፍያ የሌለው ጂም ነው።

ደረጃ 5፦ ጡንቻህን አሠራው

እውነቱን ልንገርህ። ክብደት ማንሳት ቴስቶስትሮንን ከፍ የሚያደርገው ከሥራው በኋላ ለአጭር ጊዜ ነው፤ የጠዋቱ መደበኛ ቁጥር ብዙም ላይለወጥ ይችላል። ታዲያ ለምን? ምክንያቱም ጡንቻ ስኳርን ከደም ይጠርጋል፣ ቦርጭን ይገፋል፣ አጥንትን ያጠነክራል። ከሆርሞኑ የምትፈልገው ውጤት ዋናው ክፍል እኮ ይህ ነው። ቁጥሩ ባይነሳም ጥቅሙን በቀጥታ ወሰድከው።

ጂም አያስፈልግም። አንድ ወንበርና ሁለት ጀሪካን ይበቃል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በውኃ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው።

እጅህን ደረትህ ላይ አጣምረህ ከወንበር ተነሳ፣ ቀስ ብለህ ተቀመጥ። ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ቀጥሎ ፑሽአፕ፤ አቅም ከሌለህ ግድግዳ ተደግፈህ ጀምር፣ ከሳምንታት በኋላ ጠረጴዛ፣ ከዚያ መሬት። ሦስተኛው፣ ከወገብህ ጎንበስ ብለህ ጀርባህን ቀጥ አድርገህ ጀሪካኑን ወደ ሆድህ ጎትት። በመጨረሻ በሁለቱም እጅህ ጀሪካን ይዘህ 40 እርምጃ ያህል ሂድ። ይህን ሁሉ ሦስት ዙር፣ በመሐል አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ እያረፍክ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን። ቀኖቹ አይከታተሉ።

12 ጊዜ ሲቀልህ ወደ 10 ሊትር እለፍ። ከዚያም ወደ 20። ክብደቱ ካልጨመረ ጡንቻውም አይጨምርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ለዓመት አንድ ዓይነት ነገር ሲሠራ ይኖራል። ስታነሳ ትንፋሽህን አትያዝ። ቡአ፣ የልብ ሕመም ወይም ያልተቆጣጠርከው ደም ግፊት ካለህ መጀመሪያ ሐኪምህን አማክር።

ከልክ ማለፍም አለ። በባዶ ሆድ፣ በትንሽ ምግብ፣ በየቀኑ ረጅም ሩጫ መሮጥ ሆርሞኑን ያወርደዋል።

ደረጃ 6፦ ምግብና ጾም

ፕሮቲን ላይ አተኩር። በዕድሜ የገፋ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ያስፈልገዋል፤ ለ70 ኪሎ ሰው ከ70 እስከ 84 ግራም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። አንድ ትልቅ ኩባያ ሙሉ (200 ግራም ገደማ) የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ። መቶ ግራም ዓሣ 20 ግራም ገደማ። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ይህን ቁጥር ከሐኪሙ ይቀበል።

ዚንክ ለሆርሞኑ ሥራ የግድ ነው፤ አዋቂ ወንድ በቀን 11 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። የበሬ ሥጋ፣ ሰሊጥ፣ የዱባ ፍሬ፣ ሽምብራና ምስር አላቸው። የእህልና የጥራጥሬ ዚንክ ግን ፋይቴት በሚባል ነገር ይታሰራል። እናቶቻችን ሳይንሱን ሳያነቡ መፍትሔውን ይዘውታል፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ፣ ባቄላው ተነክሮ በቆልት ሲሆን ፋይቴቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ብላ። ዚንክህ በቂ ከሆነ ግን ተጨማሪ እንክብል መዋጥ ቁጥሩን አያሳድገውም።

ጥሬ ሥጋ ወንድ ያደርጋል የሚለውን ወሬ እዚሁ እንቅበረው። ዚንኩ ከተቀቀለው አይበልጥም። የሚበልጠው የኮሶ ትሉ ነው። ቅቤም እንደዚሁ፤ ሆርሞኑ ከኮሌስትሮል መሠራቱ እውነት ነው፣ ኮሌስትሮሉን ግን ጉበትህ ራሱ ያመርተዋል። ስብን ጨርሶ ማጥፋትም ደግ አይደለም። በልክ ብላ።

ጾሙስ? ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ሌሎቹም አጽዋማት ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። «ጾም ወንድነትን ይገድላል» የሚሉ አሉ። የእንስሳት ተዋጽኦ አለመብላት በራሱ ቴስቶስትሮንን አይጥልም፤ አኩሪ አተርም አይጥልም። ጉዳዩ ስንት ትበላለህ ነው። ቦርጭ ያለው ሰው በጾም ክብደት ቢቀንስ ይጠቀማል። ቀድሞውንም ቀጭን የሆነ ሰው ግን ለሳምንታት ከሚያስፈልገው በታች ከበላ ሰውነቱ ቁጠባ ይጀምራል፤ ሆርሞኑም ይወርዳል። ስለዚህ 9 ሰዓት ላይ ስታፈርስ በዳቦና በሻይ ሆድህን አትሙላ። ሽሮውን ወፈር አድርገው፣ ምስር ወይም የሽምብራ አሳ ይኑር፣ የሰሊጥ ወይም የሱፍ ፍትፍት ይጨመር። የሑመራና የመተማ ሰሊጥ በደጃችን አይደል የሚያልፈው? ከጎርጎራ የሚመጣው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም ግሩም ፕሮቲን ነው፤ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባትህ ትቼዋለሁ። ጓያን ግን እንደ ሽምብራ አትቁጠረው፤ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግር እንደሚይዝ ደምቢያና ፎገራ ያለ ሰው ያውቀዋል።

ስኳር ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾሙን ሐኪሙንና ንስሐ አባቱን ሳያማክር አይጀምር።

ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከፀሐይ ይገኛል፤ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ የምትውል ከሆነ ወጣ በል። እንክብሉ የሚጠቅመው እጥረት ላለበት ነው።

ደረጃ 7፦ መጠጥ፣ ጫት፣ ሲጋራ፣ መድኃኒት

የበዓል ጠላ አያጠፋህም። በየቀኑ መለኪያ መለኪያ እየተባለ የሚገባው አረቄ ግን ቆለጥን በቀጥታ ይመርዛል፤ ጉበት ሲጎዳ ደግሞ ኢስትሮጅን ከፍ ይልና ጡት ያብጣል፣ ቆለጥ ያንሳል። ጫት እንቅልፍና ምግብ ይወስዳል፤ የደረጃ 3ን እና የደረጃ 6ን ሥራ ባንዴ ያፈርሳል። ሲጋራ ይገርምሃል፣ ቴስቶስትሮንን ያን ያህል አይቀንስም፤ የብልትን ደም ሥር ነው የሚዘጋው። ውጤቱ ያው ነው።

መድኃኒቶችን የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው። ትራማዶልና ሌሎች ከኦፒየም ወገን የሆኑ የሕመም ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ ያፍናሉ። ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች፣ ስፓይሮኖላክቶን የሚባለው ሽንት የሚያሸና መድኃኒትም አሉበት። በራስህ እንዳታቆም፤ በተለይ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቆም አደገኛ ነው። ዝርዝሩን ይዘህ ለሐኪምህ አሳየው።

ደረጃ 8፦ ቅጠሉና ዱቄቱ

አብሽ ላይ ትንንሽ ጥናቶች ተሠርተዋል፤ አንዳንዶቹ ትንሽ ጭማሪ አሳይተዋል፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። መጠጣት ከፈለግህ ጠጣ፤ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ስኳርህን አብዝቶ ሊያወርደው እንደሚችል እወቅ።

በየቴሌግራሙ «አሽዋጋንዳ» እየተባለ በውድ የሚሸጠው ተክል እኛው ዘንድ ግዛዋ የሚባለው ነው። አንዳንድ ጥናት ላይ መጠነኛ ጭማሪ ታይቷል፤ ያ ግን መጠኑ ተለክቶ በተዘጋጀ ጭማቂ ነው። ሰምቶ ከጓሮ ነቅሎ መቀቀል ሌላ ነገር ነው፤ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። እኔ አልመክረውም።

ከሁሉ የምፈራው ግን «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ተብሎ በፌስታል የሚሸጠውን የኃይል ዱቄት ነው። በብዙ አገር እንዲህ ያሉ ምርቶች ተመርምረው ሲልዴናፊል፣ ማለትም የቪያግራው መድኃኒት፣ ሳይነገር ተደባልቆባቸው ተገኝቷል። ለዚህ ነው «ወዲያው ሠራ» የሚባለው። ለልብ ናይትሬት የሚወስድ ሰው ይህን ቢውጥ ደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

ደረጃ 9፦ ከሦስት ወር በኋላ

ወገብህን ለካ፣ ጀሪካኑ ስንት ሊትር እንደደረሰ እይ፣ የጠዋቱ ነገር ተመልሶ እንደሆነ ራስህ ታውቀዋለህ። ከዚያ በደረጃ 2 ሕግ፣ በዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው ሰዓት ድጋሚ ተለካ። ላቦራቶሪ ከቀየርክ ማወዳደር ያስቸግራል።

ምልክቱም ቁጥሩም አሁንም ዝቅ ካሉ ሐኪም ሆርሞኑን በመርፌ ወይም በቅባት ሊያዝልህ ይችላል፤ እሱ ትክክለኛ ሕክምና ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ተናገር፦ ልጅ ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም? ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን ፒቱታሪን «በቃ፣ አለ» ያሰኛታል፤ ትእዛዙን ታቆማለች፣ የዘር ፈሳሹም ፍሬ አልባ ሊሆን ይችላል። ጂም ውስጥ ለጡንቻ ብለው በድብቅ የሚወጉ ልጆች ይህን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ካገቡ በኋላ ነው። ሕክምናውን የጀመረ ሰው የደም ውፍረቱንና ፕሮስቴቱን በየጊዜው እየተመረመረ ይቀጥላል።